በግማሽ ዋጋ የተገዛ ቁጠባ

ባንኩ፦ እኮ ማነው የጣለው? ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው ያወጣሁት፣ በእነዚህ እጆቼ!

ብሩሽ፦ እኔ ነኝ ጋሼ። አልቆ ነው።

ባንኩ፦ የጥርስ ሳሙና አያልቅም! ሰው ነው የሚሰንፈው። ይኸውልህ፣ ወገቡ ላይ ትቆርጠዋለህ፣ ውስጡን በጣትህ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለህ። አራት ቀን ያስኬዳል።

ብሩሽ፦ የያዝከው እኮ የእትዬ የጨርቅ መቀስ ነው።

ባንኩ፦ ቢሆንስ?

ብሩሽ፦ ባለፈው ወረቀት ቆርጬበት ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ማስሞረጃው ብቻ ሁለት መቶ ብር ነው ብላ። የጥርስ ሳሙናው ስድሳ ብር ነው።

ባንኩ፦ አየህ፣ አንተ የምታየው መቀሱን ነው። እኔ የማየው ሳሙናውን ነው። ልዩነታችን እዚህ ጋ ነው። [ቀጭ ያደርገዋል። ሳሙናው ሸሚዙ ላይ ይፈናጠራል።]

[ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ቆራጩ የቤቱ አባወራ ነው። አስራ አንድ ዓመት የባንክ በር ሲጠብቅ ኖሮ፣ ከበሩ ወዲያ ያለውም ሁሉ ገብቶኛል ብሎ ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ ሰፈሩ "ባንኩ" ብሎታል። ሰፈሩ ሲያሾፍ ነው፤ እሱ ግን ማዕረግ አድርጎ ይዞታል። ሌላው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ቤት ቀለም ቀቢ ነውና "ብሩሽ" ይሉታል። ባንኩ ይህን አማቹን ባየው ቁጥር አንጀቱን ይበላዋል፤ ምስኪን፣ ነገር ቶሎ አይገባውም ይላል። ዛሬ ግን ባንኩ ራሱ ጠዋት ከሚስቱ የሰማት አንዲት ቃል አላስቀምጥ ብላዋለች። የጥርስ ሳሙናው ሰበብ ነው።]

ባንኩ፦ ና ቁጭ በል። እድሜ ልክህን የሚጠቅምህን ነገር ልንገርህ። ገንዘብ ከኪስህ ሊወጣ ሲል ቆም ትላለህ።

ብሩሽ፦ መንገድ ላይም ቢሆን?

ባንኩ፦ የትም ቢሆን! ቆም ትልና ራስህን ትጠይቃለህ፤ ይህ ነገር በእውነት ያስፈልገኛል ወይ?

ብሩሽ፦ ማን ይመልስልኛል?

ባንኩ፦ ራስህ ነሃ!

ብሩሽ፦ መልሱን የማውቅ ከሆነ ለምን እጠይቀዋለሁ?

ባንኩ፦ ወይ ፈጣሪዬ! ለማሰብ ነው፣ ለማሰብ!

ብሩሽ፦ እሱንማ ትናንት ሞክሬዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ፣ አንተ እንዳልከው ያስፈልገኛል ወይ እያልኩ ሳስብ መውረጃዬ አለፈኝ። በሌላ ታክሲ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ባንኩ፦ አንተን ማስተማር ግድግዳ መምከር ነው። [ሰዓቱን ያያል። ላቡን ይጠርጋል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።] ለመሆኑ እህትህ ጠዋት ምን ብላኝ እንደወጣች ሰምተሃል?

ብሩሽ፦ ደህና ዋል ነው?

ባንኩ፦ አስር ሰዓት ላይ የስፌት መኪናውን ይዤ እመጣለሁ፣ አስራ ስምንት ሺህ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ጠብቀኝ ብላኛለች።

ብሩሽ፦ እሰይ! ስድስት ወር ሙሉ የጠበቀችው መኪና! ታዲያ አስቀምጠዋ።

ባንኩ፦ አስቀምጬዋለሁ።

ብሩሽ፦ የታለ?

ባንኩ፦ [ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር በጣቱ እየመታ] ይኸው።

ብሩሽ፦ [ደብተሩን አንስቶ በአፉ ይደፋውና ያራግፈዋል።] ምንም አይወርድም ጋሼ።

ባንኩ፦ አታራግፈው! ተጽፎ ነው ያለው! አምጣው ወዲህ። ቀስ ብለህ ስማኝ። በየወሩ ከደመወዜ ሦስት ሺህ ብር ለመኪናው ለይቻለሁ። ልክ ነው?

ብሩሽ፦ ልክ ነው።

ባንኩ፦ ዝም ብዬ ባስቀምጠው ሦስት ሺው ሦስት ሺህ ሆኖ ይቀራል። ይህን ማንም ያደርገዋል። እኔ ግን በግማሽ ዋጋ የወጣ ዕቃ አድኜ፣ ስድስት ሺህ ብር የሚያወጣ ሳሙና በሦስት ሺህ ገዛሁ። ስንት ቆጠብኩ?

ብሩሽ፦ ሳሙና?

ባንኩ፦ ብር! ሦስት ሺህ ብር ቆጠብኩ!

ብሩሽ፦ ሦስት ሺውን ለባለሱቁ ሰጠኸው አይደል?

ባንኩ፦ ያንኛውን ሰጠሁት። ሌላኛውን ሦስት ሺህ ግን አልሰጠሁትም።

ብሩሽ፦ ሌላኛውማ መጀመሪያም አልነበረህም።

ባንኩ፦ ለዚህ ነው እኮ አንተ ቀለም የምትቀባው፣ እኔ ባንክ የምሠራው!

ብሩሽ፦ በሩ ላይ ነው እንጂ።

ባንኩ፦ ገንዘብ በየት በኩል የሚገባ መሰለህ? በመስኮት ነው? በዚያ በር ሳላየው ያለፈ አንድ ብር የለም! በል እንግዲህ፤ በሁለተኛው ወር ጃንጥላ፣ በሦስተኛው የድስት ክዳን፣ በአራተኛው ፔርሙዝ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ደግሞ ሳሙናና ጃንጥላ ደገምኩ። በየወሩ ሦስት ሺህ፣ በስድስት ወር ስንት?

ብሩሽ፦ አስራ ስምንት ሺህ።

ባንኩ፦ ጎሽ! ገባህ ማለት ነው።

ብሩሽ፦ ገብቶኛል። ጋሼ፣ ያ ደብተር ትርፍ ገጽ አለው?

ባንኩ፦ ምን ልታደርግበት?

ብሩሽ፦ ጠዋት አጥር ስቀባ ጎን ያለው ቪላ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። አስራ ሁለት ሚሊዮን ብር ነው። ቆም ብዬ አሰብኩና ሳልገዛው አለፍኩ። አስራ ሁለት ሚሊዮን ጻፍልኝ።

ባንኩ፦ እሱ አይቆጠርም!

ብሩሽ፦ ለምን? እኔ እንዲያውም ግማሹንም አልከፈልኩም።

[ባንኩ በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሩን ጠርጠር አድርጎ ያየዋል፤ ቶሎ ብሎ ደግሞ ይዘጋዋል።]

ባንኩ፦ ነገር አታጣምምብኝ። አሁን እንለማመድ። አንተ የመኪናውን ሻጭ ሁን፣ እኔ አስረዳሃለሁ።

ብሩሽ፦ እሺ፣ ሻጩ ነኝ። [ይኮሳተራል። እጁን ይዘረጋል።] ብሬን።

ባንኩ፦ ወዳጄ፣ ከመክፈላችን በፊት ለመሆኑ ይህ መኪና ያስፈልጋል ወይ ብለን ቆም እንበል።

ብሩሽ፦ እናንተ ቆም በሉ። እኔ መኪናዬን ይዤ ልሂድ።

ባንኩ፦ እንዲህ አይልም!

ብሩሽ፦ ሌላ ምን ይላል?

ባንኩ፦ እሺ ተወው። እህትህን ሁን። [ጉሮሮውን ይጠርጋል። ፈገግ ይላል።] የኔ እመቤት፣ አንድ የምሥራች አለኝ—

ብሩሽ፦ [ቀጠን ባለ ድምፅ] ብሩን አየዋለሁ፣ ከዚያ የምሥራቹን ትነግረኛለህ።

ባንኩ፦ ብሩ አለ፣ ግን በሌላ መልክ ነው ያለው።

ብሩሽ፦ በምን መልክ?

ባንኩ፦ በ... በክዳን።

ብሩሽ፦ [አሁንም ቀጠን አድርጎ] አንተ ሰውዬ፣ እኔ ከሰው በተከራየሁት መኪና እየሰፋሁ የላቤን ግማሽ ለአከራዬ ስገብር፣ ማታ እግሬ አብጦ ደረጃውን እየቆጠርኩ ስወጣ፣ አንተ ክዳን—

ባንኩ፦ በቃ! በቃ አልኩህ! [ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል።] እውነቷን ነው።

ብሩሽ፦ እኔ ነኝ ጋሼ። እትዬ ገና አልመጣችም።

ባንኩ፦ አውቃለሁ! ግን እንደዚያው ነው የምትለው። ምን ላድርግ? ሠላሳ ደቂቃ ነው የቀረኝ። ለሷ ብዬ እኮ ነው። ባለሱቁ "ዛሬ ብቻ" ሲለኝ ልቤ ይመታል፤ ጥዬው ስሄድ ከኪሴ የተሰረቅኩ ነው የሚመስለኝ። ፈርቻለሁ፣ እውነቴን ነው። መኪናው ቢያመልጣት ይህቺ ሴት ዳግመኛ አታምነኝም።

ብሩሽ፦ [ጭንቅላቱን እያከከ] ጋሼ፣ እኔ የምልህ—

ባንኩ፦ ቆይ! ዝም በል! መጣልኝ! [ብድግ ይላል።] ሻጩ ነጋዴ አይደለም እንዴ? ነጋዴ ዕቃ አይጠላም። ዕቃ ቤት ያለውን በሙሉ ጭነን እንስጠው! የሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ዕቃ ነው፤ አስራ ስምንቱን ለመኪናው፣ አስራ ስምንቱን በእጃችን ይመልስልናል! ተነስ፣ ካርቶኖቹን አውጣ!

ብሩሽ፦ ካርቶኖቹን ባንነካቸው ጥሩ ነው።

ባንኩ፦ ለምን?

ብሩሽ፦ [ክንዱን ይዞ] አቧራ አላቸው።

ባንኩ፦ አቧራ ነው የሚያስፈራህ? ቀለም ቀቢ ሆነህ? ልቀቀኝ! [ዕቃ ቤት ይገባል። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ላይኛውን ሲስበው የቆርቆሮ ኳኳታ ይሰማል።] ሳሙና እንዲህ ይጮሃል እንዴ? [ይከፍተዋል። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ። ሁለተኛውን ይከፍታል፤ ያው ነው። ሦስተኛው ውስጥ ያረጀ ሮለርና የጋዜጣ ጥቅልል ብቻ አለ።] ኡኡ! ተዘረፍን!

ብሩሽ፦ ኧረ ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል።

ባንኩ፦ ይስማ! አስራ አንድ ዓመት አንድ ሳንቲም ያላስነካሁ ጥበቃ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዕቃ ቤቴ! እነዚህ ሌቦች የረቀቁ ናቸው፤ አየህ፣ እንዳይነቃባቸው ቆርቆሮ ሞልተው ነው የሄዱት! የማን ቆርቆሮ ነው ይሄ? ነጭ፣ ክሬም፣ ውሃ ሰማያዊ...

ብሩሽ፦ ውሃ ሰማያዊው የትምህርት ቤቱ ነው። ባለፈው ወር የቀባሁት።

ባንኩ፦ አየህ! ሌባው ካንተ ሥራ ቦታ ነው የመጣው! ስልኬን አምጣ፣ ፖሊስ ልጥራ!

ብሩሽ፦ አትጥራ ጋሼ። ከመጡ የሚወስዱት እኔን ነው።

ባንኩ፦ [ዞር ይላል። ያፈጥበታል።] ምን አልክ?

ብሩሽ፦ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ባዶ ካርቶን ብታይ ትደነግጣለህ ብዬ ቆርቆሮ ጨመርኩበት።

ባንኩ፦ የት አደረስከው?

ብሩሽ፦ ሸጥኩት።

ባንኩ፦ ሸጥኩት! አርባ የድስት ክዳን ሸጥኩት! ማን ነው ድስት የሌለው ክዳን የሚገዛ?

ብሩሽ፦ ክዳን የሌለው ድስት ያለው ሰው ነዋ። እኔ ቤት ስቀባ መጀመሪያ የምሠራው ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳው ማራቅ ነው። ያን ጊዜ የሰው ቤት ጉድለት በሙሉ ይታየኛል። አንዷ ድስቷን በሳህን ትከድናለች፣ አንዷ በትሪ። ሽቦው የወጣ ጃንጥላ ያላየሁበት ቤት የለም። "ክዳን አለን፣ ላምጣ?" ስላቸው በደስታ ነው የሚቀበሉኝ። ካንተ መግዣ ትንሽ ጨምሬ፣ ከሱቁ ትንሽ ቀንሼ።

ባንኩ፦ እና... እና ሁሉም አለቀ?

ብሩሽ፦ ፔርሙዙ ነው ትንሽ ያስቸገረኝ። ሁሉም ሮዝ ነበር። በኋላ አንድ የሠርግ አዳራሽ ስቀባ በጅምላ ወሰዱት።

ባንኩ፦ ስንት ሆነ? በአጠቃላይ?

ብሩሽ፦ ሃያ ሦስት ሺህ።

[ባንኩ ግድግዳውን ይደገፋል። ቀስ በቀስ ፊቱ ይፈካል። ከአምስት ደቂቃ በፊት ሊያሳስረው የነበረውን ልጅ አንገቱን አቅፎ ይስመዋል።]

ባንኩ፦ የኔ አንበሳ! ታዲያ ዝም ብለህ አስጨነቅከኝ? አምጣው! ቶሎ በል፣ ጠረጴዛው ላይ እንደርድረው። እህትህ ስትገባ አስራ ስምንቱን ታያለች፣ አምስቱን አንተና እኔ እንካፈላለን፣ ስለ ክዳኑ ማንም ምንም አያውቅም። አምጣው!

ብሩሽ፦ እኔ ጋ የለም።

ባንኩ፦ የት ነው?

ብሩሽ፦ ለእትዬ ነው የሰጠኋት። በየጊዜው፣ እንደተሸጠ።

ባንኩ፦ [የተዘረጋው እጁ አየር ላይ ይቀራል።] እህትህ... ታውቃለች?

ብሩሽ፦ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ።

ባንኩ፦ አይሆንም። በየወሩ መጨረሻ ይህን ደብተር አነብላት ነበር እኮ። "ጎበዝ" ነበር የምትለኝ።

ብሩሽ፦ "ጎበዝ" ትልና ወጥ ቤት ትገባለች።

ባንኩ፦ ምን ልትሠራ?

ብሩሽ፦ ልትስቅ። መጀመሪያ ግን አልሳቀችም ጋሼ። ያ የሳሙና ካርቶን የገባ ቀን ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ነው ያገኘኋት። እኔ ማጽናናት አልችልበትም። አስር ሳሙና ብብቴ ስር ወሸቅኩና ወደምቀባበት ቤት ሄድኩ። ብሩን ሳመጣላት ለቅሶውን አቆመች።

[ባንኩን እንባ እንባ ይለዋል። ግን የባንክ ሰው ነውና እንባውን ለመዋጥ ሸሚዙ ላይ ያለውን የጥርስ ሳሙና መፈግፈግ ይጀምራል።]

ባንኩ፦ ለምን አልነገረችኝም? አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታ ቢሆን እኮ መግዛቴን አቆም ነበር።

ብሩሽ፦ እሱን ነው የፈራችው።

ባንኩ፦ ምኑን?

ብሩሽ፦ እንዳታቆም። አንተ ካላመጣህ እኔ ምን እሸጣለሁ? ቅናሽ ያለበትን ሱቅ የሚያውቅ፣ ከባለሱቅ ጋር ተጨቃጭቆ ካርቶኑን በትከሻው ሦስት ፎቅ ተሸክሞ የሚያመጣ፣ ክፍያ የማይጠይቅ ሰው ከየት ይገኛል? "ዝም በለው፣ በደስታው ይሥራ" አለችኝ።

ባንኩ፦ ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ እኔ ለእናንተ ምን ነበርኩ?

ብሩሽ፦ አቅራቢ። ጥሩ አቅራቢ ነህ፣ አልዋሽህም። ጃንጥላው ላይ ብቻ ትንሽ አብዝተሃል።

ባንኩ፦ እና ዛሬ አስራ ስምንት ሺህ አስቀምጥ ያለችኝ ለሻጩ ልትከፍል አይደለም?

ብሩሽ፦ ሻጭ የለም። ባለፈው ሳምንት ከፍላ ጨርሳለች። የተረፈው አምስት ሺህ እሷ ጋ ነው፤ ክርና ጨርቅ ልትገዛበት ነው። "ብሩ የታለ ስለው ምን እንደሚል ልስማው" ብላ ነው። እኔ ልነግርህ ነበር፣ ዝም በል አልከኝ።

ባንኩ፦ መቼ?

ብሩሽ፦ ልምምዱ እንዳለቀ።

[ከታች፣ ከመንገድ በኩል የሚስትየው ድምፅ ይሰማል፤ ብሩሽን እየጠራች ነው። ብሩሽ በመስኮት ብቅ ይላል። ትነግረዋለች፣ እሺ ይላታል፣ ይመለሳል። ባንኩ ደብተሩን ወንበሩ ትራስ ስር ከትቶ ላዩ ላይ ተቀምጦበታል።]

ብሩሽ፦ መጥታለች። መኪናው ከነጠረጴዛው በር ላይ ወርዷል። ብረት ነው፣ ግድግዳ ያህላል።

ባንኩ፦ ምን አለች? ስለኔ ምን አለች?

ብሩሽ፦ "ውረድ በለው" አለች።

ባንኩ፦ ተቆጥታለች?

ብሩሽ፦ ፈገግ ብላለች።

ባንኩ፦ እሱ ነው የባሰው! እውነቱን ነው የምነግራት። በቃ። ደረጃው ላይ፣ ሰው ፊት እንኳ ቢሆን። የለም፣ አንድ ብር የለም፣ ባለሱቅ ሲያታልለኝ ከረምኩ ብዬ።

ብሩሽ፦ ጥሩ ነው። እሱን እየተሸከምክ ትነግራታለህ።

ባንኩ፦ እየተሸከምኩ?

ብሩሽ፦ ተሸካሚዎቹ ለአንድ ፎቅ መቶ ብር አሏት። ሦስት ፎቅ ሦስት መቶ። ቆም ብላ አሰበችና፣ ቤት ውስጥ ሰው እያለኝ ለምን ብላ አሰናበተቻቸው።

ባንኩ፦ [እያቃሰተ ይነሳል። እጅጌውን ይሰበስባል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ በራ ይላል፤ አመል ነው።] ቆይ... ሦስት መቶ ብር ተቆጠበ ማለት እኮ ነው! የት እንጻፈው?

ብሩሽ፦ ይሄኛው አይጻፍም ጋሼ። ይሄኛው ቦርሳዋ ውስጥ አለ።